ሦስት ዓይነት ጋዝ እና የአባባ ደብተር

ጉዳዩ ወዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ ቡና ላይ ተሰብስቦ ሳለ ዳላስ የሚኖረው የአክስታችን ልጅ ደወለ። የጤናው፣ የልጆቹና የኑሮ ውድነቱ ወግ ካለቀ በኋላ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። «ጋሼ፣ መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። የናፍጣ ጊዜ አልፏል፤ ጋዝ ይሻላችኋል» አለ። ስልኩ ሁላችንም እንድንሰማው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበርና እማዬም ሰማች። ጀበናዋን እንደያዘች ቀና ብላ፣ «እንዴ! በላምባ የሚሄድ ከባድ መኪና መጣ?» አለች።

ሳቅንባት። ሳቃችን ሲበርድ ግን ልጁ የትኛውን ጋዝ ማለቱ እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ እንደሌለ ገባን። በዚህ አገር ጋዝ ሲባል ለእናቶቻችን ነጭ ጋዝ ነው፤ የኩራዙና የምድጃው ላምባ። አሜሪካ ለከረመ ሰው ደግሞ ጋዝ ማለት እኛ ቤንዚን የምንለው ነው፤ «ጋዞሊን» የሚለው ቃል አጥሮ። ሦስተኛው ሰሞነኛው ጋዝ ነው፤ ከሶማሌ ክልል፣ ከካሉብ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ። አንድ ቃል፣ ሦስት ነዳጅ። በዚህ ሦስት ፍቺ ባለው ቃል ላይ ደግሞ የቤታችን ካርታ ተንጠልጥሎ ነበር።

እኛ የሞጆ ልጆች ነን። ቤታችን ከደረቅ ወደቡ ሩቅ አይደለም። ሌሊት የኮንቴይነር ማንሻውን ጩኸት እንደ እሹሩሩ እየሰማን ነው የምንተኛው። ወደቡ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የከተማዋ እንጀራ በጎማ ላይ ሆኗል። ጎሚስታው፣ ጋራዡ፣ ምግብ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ፣ ካርድና ውኃ የምትሸጠው ልጅ ሳይቀሩ የሚኖሩት ጅቡቲ ደርሶ በሚመለስ መኪና ነው። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በዚያ መስመር የሚያልፍ ስለሆነ መኪናው ሲቆም እኛም እንቆማለን።

አባባ በዚህ መስመር ላይ 31 ዓመት ነድቷል። የሰው መኪና። ወገቡ እምቢ ሲለው ወረደና ባጠራቀማት ገንዘብ፣ በእማዬ እቁብ እና ዳላስ ያለው ልጅ በሚልከው ድርሻ ያገለገለ ጎታች ከነተሳቢው ሊገዛ አሰበ። የጎደለውን በብድር ሊሞላ፣ ለብድሩም የቤታችንን ካርታ ሊያሲዝ። መኪናውን የሚነዳው ወንድማችን ነው። አራት ዓመት ረዳት ሆኖ በሰው መኪና ሥር ተኝቷል፤ አሁን መንጃ ፈቃዱን ይዞ ተቀምጧል። መኪናው ካዋጣ ቤተሰቡ ቀና ይላል። ካላዋጣ ካርታው ይሄዳል። ነገሩ ይህን ያህል ነው።

በቤታችን ውስጥ ጋዜጠኝነት ተምሮ የተመረቀ አንድ ሰው አለ። እሷም ይህችን የምትጽፈው ናት። «የተማረ ይግደለኝ» ተባለና ማጣራቱ ለእሷ ተሰጠ። ማጣራት ግን ብቻዋን አልሆነላትም። አንዳችን ጋራዥ ለጋራዥ ዞርን፣ አንዳችን ከሾፌሮች ጋር ሻይ ጠጣን፣ አንዳችን ኢንተርኔት ላይ አፈጠጥን። እነሆ ያገኘነው።

ፈረስ እና በሬ

የጀመርነው ከቤንዚኑ ነው። አሜሪካ ያለ ሰው ጋዝ ካለ ቤንዚን ነው ብለን ስለደመደምን።

በቤንዚንና በናፍጣ ሞተር መካከል ያለው ልዩነት አቀጣጠሉ ላይ ነው። ቤንዚን የካንዴላ ብልጭታ ይፈልጋል። ናፍጣ ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን አምቆ አምቆ ሲያግለው፣ የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ለዚህ ሲባል የቤንዚኑ ሞተር አየሩን ወደ አንድ አስረኛ ገደማ ሲያምቅ፣ የናፍጣው እስከ አንድ አስራ ሰባተኛና ከዚያም በላይ ያምቃል። ብዙ መታመቁ ከአንዲት ጠብታ ብዙ ሥራ ያወጣል። በዚያ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ ራሱ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከአሥር በመቶ በላይ የበለጠ ጉልበት ይዟል።

ለጎታች ዋናው ቁም ነገር ግን ጉልበቱ የሚመጣበት ጊዜ ነው። በመንገዳችን የሞላው ባለ 371 ፈረስ ጉልበት ሲኖትራክ ሙሉ የመጎተት ኃይሉን የሚሰጠው ሞተሩ በደቂቃ ከ1,100 እስከ 1,600 ዙር ብቻ ሲዞር ነው። ሳይጮህ፣ ሳይቸኩል። የቤንዚን ሞተር ግን ጉልበቱን ለማውጣት መጮህ አለበት። 400 ኩንታል ይዞ ዳገት ላይ የቆመን መኪና ለማስነሳት ደግሞ ጩኸት አይጠቅምም።

አባባ ይህን ሁሉ ስናነብለት ሰማን ሰማንና፣ «በአጭሩ ቤንዚን ፈረስ ነው፣ ናፍጣ በሬ ነው» አለ።

ወንድማችን ነገር አያሳልፍም። «ጋሪውንስ ፈረስ አይደል እንዴ የሚጎትተው?» አለው።

«ጋሪ እስከ ገበያ ነው ልጄ። አንተ የምትሄደው እስከ ጅቡቲ ነው።»

ለነገሩ የአሜሪካኑም ክርክር ይኸው ነው። እዚያ ሰው ፒክአፑን የሚገዛው ጀልባውን ወይም የሽርሽር ተሳቢውን በዓመት ጥቂት ጊዜ ለመጎተት ከሆነ ቤንዚኑ ያዋጣዋል፤ መኪናውም ይረክሳል፣ ጥገናውም ይቀላል። ጭነቱ ከባድ፣ መንገዱ ረጅም፣ ሥራው የየቀን ከሆነ ግን ወደ ናፍጣ ይሄዳል። በእኛ መንገድ ይህ ምርጫ የተቆረጠው ገና ድሮ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ወረራው ካመጣቸው ከባድ መኪኖች ፊያት 634 በናፍጣ የሚሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ፊያት 682 ኤን 3፣ አገሬው «ኤንትሬ» ብሎ የሰየመው፣ እሱም ናፍጣ ነው። አባባ መንዳት የተማረው በኤንትሬ ነው። እስከ ዛሬ ስሙን ሲጠራ ስለ ሟች ወዳጁ የሚያወራ ይመስላል።

የደብተሩ ሒሳብ

አባባ ደብተር አለው። 31 ዓመት የሄደበትን፣ የሞላውን፣ የተበላሸበትን፣ የቆመበትን ጽፎበታል። የሰው መኪና ቢሆንም ሒሳቡን እንደራሱ ይዟል። ስለ ናፍጣ የተማርነው ከኢንተርኔቱ ይልቅ ከዚህ ደብተር ነው።

ደብተሩ ከሞጆ ጅቡቲ በጋላፊ በኩል 840 ኪሎ ሜትር ይላል። አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ዲቼቶ፣ ጋላፊ። ሲወርድ ባዶውን ወይም ቀለል ያለ ጭነት ይዞ በሊትር ሦስት ኪሎ ሜትር፤ 280 ሊትር። ሲመለስ ሙሉ ጭነት ይዞ በሊትር ሁለት፤ 420 ሊትር። ድምሩ 700።

እዚህ ላይ አባባ የሚወደው ቀልድ አለው። «አገራችን ቁልቁል ባዶዋን ወርዳ ሽቅብ ተሸክማ የምትወጣ ናት» ይላል። ቀልድም አይደለም። ከምንልከው የምናስገባው ስለሚበልጥ ከባዱ ጭነት ሁልጊዜ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሞጆ የሚወጣው ነው። ከፍታው ሲጨምር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል። አባባ በድሮዎቹ መኪኖች ዳገት ላይ የሰው እርምጃ ይቀድመው እንደነበር የሚያወራው ለዚህ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን በደረጃ ማንሳት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ናፍጣ 49 ብር ገደማ ነበር። 700 ሊትሩ 34 ሺህ 300 ብር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ናፍጣው 99 ብር ገደማ ገባ። ያው 700 ሊትር 69 ሺህ 300 ብር። መንገዱ አልረዘመም፣ ጭነቱ አልከበደም፤ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ግን የአንድ ጉዞ ናፍጣ እጥፍ ሆነ። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። የማደያውን ሰልፍ፣ ሰልፉ ያባከነውን ቀንና በጀሪካን የሚሸጠውን አልቆጠርንም።

ይህን ደምረን ስንጨርስ ዳላስ ያለው ልጅ እውነት ያለው መሰለን። የናፍጣ ጊዜ አልፏል!

ፔርሙዙ

በሳምንቱ ሲደውል የቤንዚኑን ጥናታችንን በኩራት ዘረዘርንለት። ዝም ብሎ ሰማንና ሳቀ። «ኧረ እኔ የካሉቡን ጋዝ ነው ያልኳችሁ! ዜና አታዩም እንዴ?» ጋዜጠኛዋ አፈረች።

የካሉብ ታሪክ ረጅም ነው። ጋዙ የተገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ1960ዎቹ ሲቆፍር ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት፣ ስንት ኩባንያ መጥቶ ሄደ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ፤ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያመርት የታቀደ። ቻይናም በቅርብ ዓመታት ከባድ መኪኖቿን በብዛት ወደ ፈሳሽ ጋዝ እያዞረች ነው። የእኛ መንገድ መኪኖች ከየት እንደሚመጡ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የጋዙ ጥቅም ግልጽ ነው። ጥላሸቱ ያንሳል፣ ጩኸቱ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ከራሳችን ምድር የሚወጣ ነው። ናፍጣው ግን በዶላር ተገዝቶ በቦቴ የሚመጣ ነው። እንዲያውም የሚያስቀው፣ ናፍጣውን ከጅቡቲ የሚያመጣው ቦቴ ራሱ ናፍጣ እየጠጣ ነው የሚመጣው።

ችግሩስ? አንደኛ፣ አንድ ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ከአንድ ሊትር ናፍጣ 60 በመቶ ያህሉን ጉልበት ብቻ ነው የያዘው። የአባባ 700 ሊትር ናፍጣ በጋዝ ሲሰላ ወደ 1,200 ሊትር ይጠጋል። በደብተሩ ጀርባ አንድ ሒሳብ ሠራን። 111 ሚሊዮኑ ሊትር በሙሉ ለከባድ መኪና ቢውል 92 ሺህ ያህል የደርሶ መልስ ጉዞ ነው። አንድ መኪና በዓመት 30 ጊዜ ቢመላለስ ለሦስት ሺህ መኪና ይበቃል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን ጅምር ነው።

ሁለተኛ፣ ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ታንኩ ተራ ታንክ አይደለም፤ ግድግዳው ድርብ የሆነ ትልቅ ፔርሙዝ ነው። ይህን ለእማዬ ስናስረዳት፣ «ፔርሙዝ ውስጥ የተረሳ ሻይ እኮ ይቀዘቅዛል» አለች። የእሱ ግልባጭ መሆኑን ነገርናት፤ ይሄኛው ቀስ በቀስ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይተናል፣ ግፊቱ ሲበዛ ደግሞ ማስተንፈሻው ተከፍቶ ጋዙ ይወጣል። አምራቾች ሙሉ ታንክ ሳይተነፍስ አምስት ቀን ያህል እንዲቆይ አድርገው ነው የሚሠሩት።

እማዬ ስኒ እየቀዳች፣ ቀና ሳትል ጠየቀች። «ሰልፍ ላይ ከዚያ በላይ ብትቆሙስ?»

ማንም አልመለሰላትም። አባባ ደብተሩን ገለጠ። ወደብ ላይ ወረፋ ጠብቆ የቆመባቸው ቀናት በቀይ ተሰምረዋል። አራት ቀን። ስድስት ቀን። አንዴ አሥራ አንድ ቀን፣ ያውም በቆላው ፀሐይ። ናፍጣ ግን አሥራ አንድ ቀንም ሆነ አሥራ አንድ ሳምንት ታንኩ ውስጥ ዝም ብሎ ይጠብቅሃል። በላምባዋ የሳቅንባት ሴት ጋራዥ ለጋራዥ ስንዞር ያልታየንን ጥያቄ ጠየቀች።

መንገድ ላይ ያለው ሰው

ሦስተኛውን ችግር የነገረን አባባ ነው። ሚሌ አጠገብ አንድ ሌሊት ፖምፓው ተበላሸበት። ጭነቱ ለሰው የሚደርስበት ቀን አለው፤ ስልክ የለ፣ ምን የለ። ጠዋት አንድ መካኒክ በአላፊ መኪና ተሳፍሮ ከሎጊያ መጣ። አሸዋው ላይ ላስቲክ አንጥፎ ፖምፓውን ፈታው። እያንዳንዱን ብሎን በላስቲኩ ላይ በተርታ ደረደረ፣ አጥቦ ገጠመ። ፀሐይ ሳትበረታ መኪናው ተነሣ።

«ጭነት የሚጎትተው ሞተሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ» አለ አባባ። «መንገድ ላይ ያለው ሰው ነው።»

ይህች አባባል ሳምንቱን ሙሉ ስንፈልገው የነበረውን ነገር ነገረችን። እኛ ስንጠይቅ የነበረው የትኛው ሞተር ይበልጣል ነበር። ጥያቄው ግን ሞተሩ ሲቆም ማን ይደርስልናል ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ፖምፓ የሚሉት ቃላት ከጣሊያን ጋር መጥተው አገሬ ሆነዋል። ቃሉ ያለበት ቦታ ሁሉ የሚያውቀው እጅ አለ። ናፍጣ በዚህ መንገድ ላይ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከልጅ ልጅ የተላለፈ እጅ አለው፣ የሰልባጅ ዕቃ ተራ አለው፣ ዱቤ የሚሰጥ ባለጋራዥ አለው። የጋዙ ሞተር ካንዴላ አለው ብለን ለአንድ አዳማ ላለ ሽማግሌ መካኒክ ስንነግራቸው፣ «ካንዴላ ያለው ከባድ መኪና?» ብለው እንደ ተረት ሰሙን። ሻይ ከጠጣናቸው ሾፌሮች አንድም ጋዝ የሞላ አልገጠመንም። ጋዙ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ መንገዱን ገና አልለመደውም። ኤንትሬም እኮ አንድ ቀን እንግዳ ነበር።

«ኤሌክትሪክስ?» ያለም ነበር ከመካከላችን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲታገድ አይተናል። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጅቡቲ ባቡርም በኤሌክትሪክ እየተጎተተ በሞጆ ያልፋል። ለከባድ ጎታች ግን ባትሪው ራሱ ቶኖች ይመዝናል፤ የሚሸከመው ለባለንብረቱ እንጀራ ከሚሆነው ጭነት ላይ ተቀንሶ ነው። እሱም ቀኑ ይመጣ ይሆናል። የእኛ የብድር ወለድ ግን ቀን አይጠብቅም።

አገር ነዳጅ ስትቀይር ጥሩ ነው። ግን በሁለት ነዳጅ መካከል ያለውን ጊዜ የሚሻገረው ማነው? መቶ መኪና ያለው ድርጅት አምስቱን በጋዝ ሞክሮ ቢከስር ትምህርት ነው ብሎ ያልፈዋል። አንድ መኪና ያለው ሰው የሚሞክረው በካርታው ነው። በናፍጣ ቢቆይ ዋጋው ይበላዋል፤ በጋዝ ቢቀድም መንገዱ ላይ ሰው አያገኝም።

ተሳቢው

በመጨረሻ አባባ ያደረገውን ማናችንም አልጠበቅነውም። አንድ ማለዳ ከቤት ወጥቶ ሲመለስ ጎረቤታችንን ይዞ መጣ። ኦቦ ጎታች አላቸው፤ የናፍጣ፣ ያረጀ ግን ጤነኛ። ተሳቢያቸው ግን አደጋ ደርሶበት ከጥቅም ውጭ ከሆነ ወራት አልፎታል።

«ተሳቢ እንገዛለን» አለ አባባ።

«ሞተር የሌለው?» አለ ወንድማችን።

«ሞተር የሌለው። ተሳቢ የሚጎትተውን አይጠይቅም። ዛሬ የኦቦ ናፍጣ ይጎትተው። ነገ ጋዝ ከመጣ ጋዝ ይጎትተው።»

እውነቱን ነው። ተሳቢው ከጎታቹ ጋር የሚያያዝበት ኪንግ ፒን መጠኑ ከጎታቹ ጋር እስከገጠመ ድረስ፣ ቻይናም ሠራችው ጀርመን፣ ናፍጣም ጠጣ ጋዝ፣ እዚያው ላይ ይገባል። ተሳቢ ፖምፓ የለውም፣ ቴስታታ አይቃጠልበትም። ጎማው፣ ፍሬኑና ባሌስትራው ከተያዘለት ስንት ጎታች ይቀብራል። ዋጋውም በእጃችን ካለው አይበልጥም ነበር። ብድር የለ፣ ካርታ የለ። ውሉ በሽምግልና ተጻፈ፤ ድርሻው ተቆረጠ፤ ሾፌሩ ወንድማችን ሆነ።

ሁላችንም ደስ አለን ብንል ውሸት ነው። ወንድማችን ሦስት ቀን አኮረፈ። የራሱን መኪና በራሱ ቁልፍ ሊያስነሣ አልሞ ነበር፤ አሁንም የሰው ጋቢና ውስጥ ነው። ዳላስ ያለው ልጅም «ግማሽ መኪና ገዛችሁ» ብሎ ቀለደብን። ገቢውም እንደዚያው ግማሽ ነው። አባባ ለሁሉም የሰጠው መልስ አንድ ነው። «ግማሽ መኪና ከሌላ ሰው ሙሉ ቤት ይሻላል።»

የመጀመሪያው ጉዞ ሌሊት ላይ ነበር። ጎታቹ ወደ ኋላ እየተጠጋ ሲያያዝ የሰማነው ያ ግጭታ የሠፈሩን ውሻ ሁሉ አስጮኸ። እማዬ ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ ለወንድማችን አቀበለችው። «ይኼኛው እንኳ ቢቀዘቅዝ አይፈነዳብህም» አለችው። ሳቀ፤ ከኩርፊያው ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አባባ እግሩን እየጎተተ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በዱላ መታቸው፤ ድምፃቸውን ሰማ። ከዚያ ገባና ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ገለጠ። በላይኛው መስመር ላይ ቀኑን ጻፈ። ነዳጅ የሚለውን ቦታ ግን ባዶ ተወው።

«ናፍጣ ብለህ አትጽፍም?» አልነው።

«ቆይ» አለ። «መንገዱ ሲወስን እጽፈዋለሁ።»

ቸር ይግጠመን!